አበበ ቢቂላ፦ ጋዜጦች ከባዶ እግሩ በላይ ሊያዩት ያልቻሉት ጀግና

ማለዳ ላይ በቀበና ድልድይ በኩል ያለፈ ሰው ቱታ የለበሱ ወጣቶች በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርገው ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጡ ማየቱ አይቀርም። አንዳንዱ ጥሩ የሚባል የሩጫ ጫማ አለው፤ አንዳንዱ ሶሉ የተበላ ጫማ ያደርጋል። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ግን አይታይም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነገ ውጭ ሀገር ሄዶ ቢያሸንፍ፣ ከሚጠየቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ በልጅነቱ ባዶ እግሩን ይሮጥ እንደነበር የሚመለከት ነው። ጥያቄው ከየት መጣ ከተባለ መልሱ ሩቅ አይደለም። ልጆቹ ከሚሮጡበት ከዚሁ ከቀበና ግቢው ያለው የጣሊያን ኤምባሲ በሚወክላት ሀገር ዋና ከተማ፣ በሮም፣ ከ60 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በአንድ ምሽት የተሰራ ታሪክ ነው ያመጣው።

የታሪኩ ባለቤት ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ስለ አበበ ያልተባለ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ግን የተባለው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አበበን ለዓለም ያስተዋወቁት ጋዜጠኞች ሀገሩንም፣ ስሙንም፣ ስራውንም በቅጡ የማያውቁ ነበሩ። በአንድ ሌሊት ተጣድፈው የሳሉት ስዕልም እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ከጃቶ እስከ ክቡር ዘበኛ

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ቀኑ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የተካሄደበት ዕለት መሆኑ ሁልጊዜም የሚጠቀስ ግጥምጥሞሽ ነው። አካባቢው ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት፣ ሰዉ የተጋባና የተዋለደ ነው። የእናቱ ስም ውድነሽ በነበሩ ይባላል። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ አበበ ገና ሕፃን ስለነበር ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደምትባል ሩቅ ቦታ ሸሽቶ ቆይቷል። እንግዲህ ከሮም የመጣውን ጦር ገና በጨቅላነቱ ነው ያወቀው።

ልጅነቱን ከብት እያገደ፣ ገና እየተጫወተ አሳለፈ። ገና በሰፊ ሜዳ ላይ ኳሷን ተከትሎ ሲሮጡ መዋልን የሚጠይቅ ጨዋታ በመሆኑ ለሯጭ መጥፎ ትምህርት ቤት አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ 5ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በወታደርነት ተቀጠረ።

ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ድረስ ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሩጫ ይመላለስ እንደነበር በህይወት ታሪኩ ተጽፏል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ የእንጦጦ ዳገት ለአበበ የልምምድ ሜዳ ብቻ ሳይሆን የዕለት መንገዱ ነበር። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በሀገሪቱ ስፖርት ውስጥ ይሰሩ ስለነበር ይህን ቀጭን ወታደር ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በጊዜው የሀገሪቱ የረጅም ርቀት ንጉሥ ዋሚ ቢራቱ ነበር። ከሮም ኦሊምፒክ በፊት በነበሩት ወራት ግን አበበ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን አሸነፈ፤ ከአንድ ወር በኋላም 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ሪኮርድ የተሻለ ነው። ያውም አየሩ ስስ በሆነበት፣ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተሩጦ!

የጳጉሜ 5 ምሽት

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960) ነው። ሮም ላይ አመሻሽ ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሞ አሮጌውን ዓመት እየሸኘች ነበር። በነጋታው እንቁጣጣሽ ነው።

አበበ 11 ቁጥርን ለብሶ በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ከእሱ ጋር የተሰለፈው ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ባዶ እግሩን ነበር። ኒስካነን ለአበበ የሰጡት ምክር የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠብቅ ነው፤ 26 ቁጥርን ይለብሳል ብለውታል። ራዲ ግን በ10 ሺህ ሜትር የለበሰውን 185 ቁጥር እንደለበሰ መጣ። አበበ ታዲያ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየሮጠ ባለ 26 ቁጥሩን ፍለጋ ወደፊት ሲመለከት አመሸ። አጠገቡ ያለው ራዲ ራሱ ነበር።

በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ 2 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሲቀር ሯጮቹ ፋሺስት ጣሊያን በ1930 ገደማ ከወሰደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ደረሱ። አበበና አሰልጣኙ መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ ለመጨረሻው ማፈትለክ ምልክት ያደረጉት ይህን ቦታ ነው። አበበ እዚያው ላይ ጥሎት ሄደ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ሲገባ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ አሳየ። ይህም ሩሲያዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ከሁለት ዓመት በፊት ካስመዘገበው የዓለም ምርጥ ሰዓት በ0.8 ሰከንድ ይፈጥናል። ራዲ በ25 ሰከንድ ገደማ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ኢትዮጵያም የመጀመሪያዋን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በወርቅ ጀመረች።

ሦስቱ ቃላት

የውጭ ጋዜጠኞች ዜናውን ለመላክ ሲሯሯጡ ስለ አበበ በእጃቸው የነበረው ነገር ጥቂት ነው። እናም በሦስት ቃላት ሰሩት፦ ያልታወቀ፣ ባለ ባዶ እግር፣ የቤተ መንግሥት ጠባቂ። ሦስቱም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደሉም። ግን ሦስቱም እውነቱን ያጎድሉታል።

መጀመሪያ ያልታወቀ የሚለውን እንመልከት። አዲስ አበባ ላይ የሮጠው ሰዓት በቁጥር ተቀምጦ ነበር። የሮጠው ግን ጋዜጠኞቹ በማያውቁት ከተማ ስለሆነ ከግምት አልገባም። እንጦጦ ስር ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሯጭ፣ ሮም ላይ ማንም የማያውቀው ሆነ። ያልታወቀ የሚባለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ጠያቂ ያልሄደበት ሰው ማለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ባዶ እግር ነው። ጫማ መግዣ ያጣ ድሃ ተደርጎ ስንት ጊዜ ተጽፏል! ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሮም ላይ ለአትሌቶች ከቀረበው ጫማ ውስጥ ለእግሩ የሚመች አልተገኘለትም። ውሃ የሚያቋጥር ጫማ አድርጎ 42 ኪሎ ሜትር ከመሮጥ ይልቅ በልምምድ እንደለመደው ባዶ እግሩን መሮጥ የተሻለ ነው ተባለ፤ ተወሰነም። ይህ የድህነት ታሪክ አይደለም፤ የአሰልጣኝና የአትሌት የስራ ውሳኔ ነው። ማስረጃው ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ መጣ። አበበ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ የሮሙን ሰዓቱን በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሻሻለ። ፍጥነቱ ያለው እግሩ ባዶ መሆኑ ላይ ቢሆን ኖሮ ጫማው ባዘገየው ነበር።

ሦስተኛው ጠባቂነቱ ነው። ክቡር ዘበኛ ማለት በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ማለት እንዳልሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ራሱን የቻለ፣ የሰለጠነ የጦር ሰራዊት ነበር፤ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ከዚሁ የወጣ ነው። ቃሉ ወደ ውጭ ቋንቋ ሲመለስ ግን አበበ ከንጉሡ ጀርባ ጦር ይዞ የሚቆም አንድ ሰው መሰለ። አንባቢም እንደ ተረት ወደደው።

የሚገርመው ደግሞ ሁለተኛው አበበ ነው። አበበ ዋቅጅራ በዚያው ምሽት፣ በዚያው ባዶ እግር ሮጦ ሰባተኛ ወጥቷል። ከዓለም ሰባተኛ መሆን ትንሽ ነገር አይደለም። ታሪኩ አንድ ሰው ብቻ ስለሚፈልግ ግን እሱ ተረሳ። ሁለት ባዶ እግር ሯጮች ከአንድ ሀገር መጡ ቢባል ነገሩ ተአምር መሆኑ ቀርቶ የስልጠና ውጤት መሆኑ ይታወቅ ነበር።

ስሙን ማን ይጥራው?

የውጭ ዜና ወኪሎች ሌላም ስህተት ሰሩ። የኢትዮጵያ ስም አጠራር የቤተሰብ ስም እንደሌለው ስላላወቁ ቢቂላ እያሉ ይጠሩት ጀመር። ይህ እኮ የአባቱ ስም ነው! ሮም ላይ የሮጡት አባትየው ይመስል፣ ልጁ ባሸነፈ ቁጥር የሚጠራው የአባት ስም ሆነ። ዛሬም ብዙ የውጭ ጽሑፍ እንደዚያው ነው።

ስሙን በደንብ ላየው ሰው ግን ብዙ ይናገራል። አበበ የአማርኛ ቃል ነው። ቢቂላ ደግሞ የኦሮምኛ ስም ሲሆን የበቀለ እንደማለት ነው። በአንድ ሰው ስም ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ አለ፤ በአንዱ በቀለ፣ በሌላው አበበ። የሀገሩን ልክ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ለአንድ ዘጋቢ አይገኝም ነበር። ያየው ግን የለም፤ እግሩን እያዩ ስሙን ዘለሉት።

በሀገር ውስጥስ? በዚያን ጊዜ በሀገር ቤት ጀግናው በዋናነት የተነገረው በአዲስ ዘመን ገጾችና በሬዲዮ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ስለነበር ዋናው የመንግሥት ጋዜጣም በአማርኛ ነበር የሚወጣው። አበበ የመንግሥቱ፣ የጦሩና የንጉሠ ነገሥቱ ጀግና ሆኖ ተጻፈ። ከየት መንደር መጣ፣ እዚያ ምን ይነገራል፣ ምን ይዘፈናል የሚለው ብዙም ቦታ አላገኘም። በኦሮምኛ የሚታተመው በሪሳ ጋዜጣ የተጀመረው በ1967 ዓ.ም. ነው። አበበ በዚያን ጊዜ በህይወት አልነበረም። ስለዚህ በህይወት እያለ ድሉን በአባቱ ስም ቋንቋ በታተመ በዚያ ጋዜጣ ላይ ለማንበብ አልታደለም።

ከታኅሣሥ እስከ ቶኪዮ

ከሮም ሲመለስ ደማቅ አቀባበል ተደርጎለት የአስር አለቅነት ማዕረግና ኒሻን ተሰጠው። ሦስት ወር ሳይቆይ ግን ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ያገለግልበት የነበረው ክቡር ዘበኛ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። አዲስ አበባ በተኩስ ተናጠች። ሙከራው ከሸፈ፤ ከአበበ ጓዶች ብዙዎቹ ሞቱ፣ ታሰሩ። በቀጥታ ያልተሳተፈው አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተጠይቆ ተለቀቀ። የሮምን ታሪክ እንደ ተረት የሚያወሩ ጽሑፎች ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ተረት ውስጥ ያለ ጠባቂ አይታሰርምና።

በ1961 እ.ኤ.አ. አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሴ ላይ ተከታትሎ አሸነፈ። ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ግን ብርድና ነፋስ አዳክሞት አምስተኛ ወጣ። ቀጥሎ የሚጠበቀው ቶኪዮ ነበር። ውድድሩ 5 ሳምንት ገደማ ሲቀረው ትርፍ አንጀት ታሞ ቀዶ ህክምና ተደረገለት። ብዙ ሰው አበቃለት አለ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ጫማ አድርጎ ተሰለፈ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ! ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። አበበ ስታዲየም ገብቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያየው ተመልካች ዓይኑን ማመን አቃተው። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእሱ በኋላ ይህን ማድረግ የቻሉት የምስራቅ ጀርመኑ ቫልደማር ሲርፒንስኪና ኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌ ብቻ ናቸው።

ጃፓኖች ውድድሩን በቴሌቪዥን በቀጥታ አስተላለፉት። የፊልም ዳይሬክተሩ ኮን ኢቺካዋም ስለ ኦሊምፒኩ በሰራው ፊልም ካሜራውን ከእግሩ አንስቶ ፊቱ ላይ አቆመው። ዝም ያለ፣ የሚያስብ፣ ስራውን የሚያውቅ ሰው ፊት ታየ። የአበበ ምስል ከሮም ስዕል ትንሽ የተላቀቀው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። የሀገሩ ሰው ግን በቀጥታ አላየውም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስራ የጀመረው በዚያው ዓመት፣ ከውድድሩ ጥቂት ቆይቶ ነበር።

ወንበር ላይ ያለ አትሌት

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። ወራት ሳይቆጠሩ፣ መጋቢት 13 ቀን ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። ከመኪናዋ ስር የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ የአበበን ታሪክ በሐዘን ዘግቶ ይሄዳል። እሱ ግን አልዘጋውም። በ1970 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ ከሌለበት ሀገር የመጣ፣ መራመድ የማይችል ሰው በበረዶ ስፖርት አሸነፈ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድል ከሮም ባዶ እግር እኩል መወራት ነበረበት። ግን ስንት ሰው ያውቀዋል?

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በጭንቅላት ደም መፍሰስ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት፣ አስር ሺዎች ተከትለውት በወታደራዊ ክብር በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከሞተ በኋላም አልተላቀቀም

በ2002 ዓ.ም. የሮም ድል 50ኛ ዓመት ሲከበር ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን እየመራ መጥቶ፣ ሊገባ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። ለአበበ መታሰቢያ ነበር፤ ለዚህም 5 ሺህ ዩሮ ጉርሻ ተከፈለው። በዚያው ዘመን ቪብራም የተባለው ኩባንያ ባዶ እግርን የሚመስል ጫማ ሰርቶ ቢቂላ ብሎ ሰየመው። የአበበ ቤተሰብ ያለ ፈቃዳችን ነው ብሎ በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ዳኛው ቤተሰቡ ነገሩን እያወቀ ብዙ ዘግይቷል በማለት ክሱን በቀጣዩ ዓመት ዘጋው። ሮም ላይ የሚመቸው ጫማ ያጣ ሰው፣ ስሙ ጫማ ሆኖ ተሸጠ።

በሀገር ቤት ደግሞ ክርክሩ ሌላ ነው። አንዱ ሚዲያ አበበን የኦሮሞ ልጅ ነው ብሎ ይነሳል፤ ሌላው የለም የኢትዮጵያ ጀግና ነው ይላል። አንዱ ሲባል ሌላው የሚሰረዝ ይመስል! የአባቱ ስም ቢቂላ መሆኑ በሮም የለበሰውን ማሊያ አይቀንሰውም፤ ማሊያውም የአባቱን ስም አያጠፋውም። ሰውየው ሁለቱንም ይዞ ነው 42 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰው። ከሁለት አንዱን ብቻ የሚጽፍ ዘጋቢ የሮም ጋዜጠኞች የሰሩትን ስህተት በሌላ መንገድ ይደግመዋል፤ ሙሉውን ሰው ትቶ የሚፈልገውን ክፍል ይወስዳል።

የስፖርት ገጾችም ከወቀሳው አያመልጡም። ስለ አበበ የውጭው ያለው ተተርጉሞ ይመጣል፤ ያልታወቀው፣ ባለ ባዶ እግሩ፣ የንጉሡ ጠባቂ እየተባለ በአማርኛ ይታተማል። ጃቶ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ግን ስንቱ ነው?

የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ተተክሏል። ድንጋዩ ለመመለስ 68 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። የአበበ ታሪክም ከሮም መመለስ አለበት። ነገ ማለዳ ከቀበና ወደ እንጦጦ ከሚወጡት ልጆች አንዱ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ስሙ፣ ስለ መንደሩና ስለ ልፋቱ ከሆነ፣ ያን ጊዜ አበበ በደንብ ተነቧል ማለት ነው።